መጀመሪያ ወደ ቅሬታው ጠረጴዛ ሂጂ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። በዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለተግባር ልምምድ ወደ ከተማችን የውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል እገባለሁ፤ የምቆየውም ሁለት ወር ነው። ባለፈው ዓመት በሌላ መሥሪያ ቤት የተለማመዱ ተማሪዎች "ሥራው ካሜራ ተሸክሞ ኃላፊዎችን መከተልና ንግግራቸውን አሳምሮ መጻፍ ነው፤ የተረፈውን ጊዜ ፎቶ ኮፒ ስታነሺ ታሳልፊዋለሽ" ስላሉኝ፣ ወድጄ የመረጥኩት ሙያ ከወዲሁ እየቀዘቀዘብኝ ነው። በዚያ ላይ ዓይን አፋር ነኝ፤ ከማላውቀው ሰው ጋር በስልክ ማውራት ይጨንቀኛል። እውነት ያልሆነ ነገር ጻፊ ብባልስ፣ ተለማማጅ ሆኜ እምቢ ማለት እችላለሁ? ከሁሉም በላይ ግን ሁለቱ ወር በከንቱ እንዳያልፉብኝ ከየት ልጀምር? እርስዎ በሙያው ስለቆዩ ምክርዎን እሻለሁ።

መልስ፦

ውድ እኅቴ፣ ጓደኞችሽ የነገሩሽ ሐሰት አይደለም። በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ የሥራ ሰዓት የሚያልቀው በስብሰባ፣ በምረቃ፣ በጉብኝትና በበዓል ዝግጅት ላይ ነው። ነገር ግን ያዩት የሥራውን አንድ ወገን ነው። ተቋሙ ለሕዝብ የሚናገረው አለ፤ ሕዝቡ ደግሞ ለተቋሙ የሚናገረው አለ። በመጀመሪያው ወገን ዳይሬክተሩ፣ ባለሙያዎቹ፣ የካሜራ ባለሙያው፣ ባነር የሚያሠራው ሁሉ ተሰልፈውበታል፤ ለተለማማጅ የሚተርፈው ሥራም ጥቂት ነው። ሁለተኛው ወገን ግን በአብዛኛው ባለቤት የለውም። ሕዝቡ የሚለውን በየዕለቱ ሰብስቦ፣ ለይቶና አደራጅቶ ለኃላፊዎች የሚያቀርብ ሰው ባለመኖሩ ተቋሙ ሳያውቀው ከደንበኞቹ ይርቃል። እንግዲህ ከየት ልጀምር ላልሽው መልሴ ከዚያ ነው።

የተመደብሽበት መሥሪያ ቤት ለዚህ እጅግ የተመቸ ነው። ውኃ የማይጠቀም ነዋሪ ስለሌለ የከተማው ሰው ሁሉ ደንበኛችሁ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የክፍሉን ኃላፊ አስፈቅደሽ ሁለት ወይም ሦስት ጠዋት ደንበኞች ቅሬታ በሚያቀርቡበት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጪ። መልስ መስጠት የአንቺ ሥራ አይደለም፤ ማስታወሻ ደብተርሽን ይዘሽ አዳምጪ። ሰዎች የሚሉትን በራሳቸው ቃል ጻፊው። በመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ላይ "የአቅርቦት መቆራረጥ" ተብሎ የሚጻፈውን ነገር፣ መስኮቱ ፊት የቆመች እናት "ውኃው ሳይመጣ ቢሉ ይመጣል" ብላ ትናገረዋለች። የእሷ አባባል ሪፖርቱ ያልያዘውን ይዟል፤ ያስመረራት የውኃው መጥፋት ብቻ ሳይሆን ላልተጠቀመችበት ውኃ የምትከፍል መስሎ መታየቱ ነው። ምናልባት ቢሉ ያለፈው ወር ይሆናል፤ ምናልባትም ቆጣሪው ተበላሽቶ ይሆናል። ይህን የሚያብራራ አንድ አጭር ጽሑፍ በመሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ ከሌለ፣ መጻፍ ያለበትን የመጀመሪያ ነገር አገኘሽ ማለት ነው።

ከዚያ ወደ ቴሌግራም ቻናሉና ወደ ፌስቡክ ገጹ ሂጂና የአንድ ወር አስተያየቶችን ከላይ እስከ ታች አንብቢ። ስድቡን እለፊው፤ ጥያቄውን ግን ለይተሽ ያዢ። በሳምንቱ መጨረሻ አንድ ገጽ ብቻ የሆነ ማስታወሻ አዘጋጂ፤ በብዛት የተጠየቁት አምስት ጥያቄዎች ምንድን ናቸው፣ ከየትኛው ሠፈር መጡ፣ የቴክኒክ ወይም የሒሳብ ክፍሉ የሚሰጠው መልስ ምንድን ነው፣ መሥሪያ ቤቱ ይህን መልስ እስከ ዛሬ ለሕዝብ አሳውቋል ወይስ አላሳወቀም። ይህን ወረቀት በአክብሮት ለኃላፊሽ ስጪ። ብዙ ኃላፊዎች እንዲህ ያለ ነገር አግኝተው አያውቁም። በቀጣዩ ሳምንት ራሳቸው "ያቺ ወረቀት የታለች?" ብለው ቢጠይቁሽ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ፎቶ ኮፒው አትጨነቂ።

በተፈጥሮ ዓይን አፋር መሆንሽ እዚህ ላይ አይጎዳሽም፤ የሚያዳምጥ ሰው ይጠቅማል። የስልኩን ጉዳይ ግን መሻገር ይኖርብሻል። የምመክርሽ በባዶ ሜዳ ድፍረት እንድታመጪ ሳይሆን በእጅሽ ላለ ሥራ ስትይ እንድትደውዪ ነው። አንድ ምሳሌ ላሳይሽ። ውኃ ሲቋረጥ አገልግሎት ሰጪዎች የሚያወጡት ማስታወቂያ በአብዛኛው እንዲህ ዓይነት ነው፦

"በዋናው መስመር ላይ በተፈጠረ ድንገተኛ ብልሽት ምክንያት በአንዳንድ አካባቢዎች የውኃ ሥርጭት የተቋረጠ በመሆኑ፣ ውድ ደንበኞቻችን ችግሩ እስኪፈታ በትዕግሥት እንድትጠባበቁን እየጠየቅን ለተፈጠረው መስተጓጎል ይቅርታ እንጠይቃለን።"

ሰዋስዉ አይነቀፍም፤ ትሕትናውም አይጎድልም። ነገር ግን ቤቷ ሁለት ጀሪካን ውኃ የቀራት እናት ይህን አንብባ አንዳች ነገር መወሰን አትችልም። የእሷ ሠፈር "ከአንዳንድ አካባቢዎች" ውስጥ ይሁን አይሁን አታውቅም። ልብስ ማጠቧን ለነገ ታስተላልፍ ወይስ ለሚቀጥለው ሳምንት? ከጎረቤት ትቅዳ ወይስ ገዝታ ታስመጣ? አሁን ደግሞ ይህን ተመልከቺ፦

"ከአሮጌው መናኸሪያ እስከ ጤና ጣቢያው ባለው ሠፈር ከዛሬ ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ጀምሮ ውኃ ተቋርጧል። ምክንያቱ የዋናው ቱቦ መሰበር ነው። ጥገናው ነገ ረቡዕ ማታ 12 ሰዓት ላይ ያልቃል ብለን እንገምታለን፤ ከዘገየ ነገ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት እንነግራችኋለን። እስከዚያው ከጤና ጣቢያው በር ላይ በቦቴ ውኃ ይታደላል። ውኃው ሲመለስ መጀመሪያ ላይ ሊደፈርስ ስለሚችል እስኪጠራ ድረስ ለመጠጥ አትጠቀሙበት።"

ሁለተኛውን ለመጻፍ የጽሑፍ ችሎታ ብቻ አይበቃም። ቱቦው የት እንደተሰበረ የሚያውቀው የጥገና ኃላፊ ጋ መደወል፣ ቦቴውን ማን እንደሚልክ መጠየቅ፣ ሰዓቱ የተረጋገጠ ይሁን ግምት መለየት ያስፈልጋል። የምትጠይቂያቸውን ነጥቦች አስቀድመሽ ወረቀት ላይ ጻፊ። ከዚያ "ጤና ይስጥልኝ፣ ከሕዝብ ግንኙነት ክፍል ነው የምደውለው፤ ተለማማጅ ነኝ፤ ማስታወቂያው ላይ እንዳልሳሳት ሦስት ነገር ልጠይቅዎት ነበር" ብለሽ ጀምሪ። እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ የሚቆጣ ሰው ጥቂት ነው። ቢቻል ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በስልክ ሳይሆን ቢሮው ድረስ በእግርሽ ሄደሽ ጠይቂ፤ ፊትሽን ያወቀ ሰው በኋላ ስልክሽን በደስታ ያነሣል። አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ላሳስብሽ፤ ባለሙያው ያልሰጠሽን ሰዓት ለማሳመር ብለሽ አትጻፊ። "ነገ ይመጣል" የተባለ ውኃ ሳይመጣ ሲቀር ሰው ቱቦውን ሳይሆን የሚቀጥለውን ማስታወቂያ ነው የማያምነው።

ከጋዜጠኛ የሚመጣ ስልክ ሲያጋጥምሽ ነገሩ ሌላ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ቃል አቀባይ ስላልሆንሽ የምታውቂው የሚመስልሽን እንኳ አትመልሺ። ስሙን፣ የሚሠራበትን የመገናኛ ብዙኃን፣ ጥያቄውን በትክክል፣ መልሱን እስከ መቼ እንደሚፈልግና ስልኩን መዝግበሽ በዚያው ደቂቃ ለኃላፊሽ አድርሺ። ሪፖርተር ጋዜጣ ገጹን፣ ወይም ፋና የማታ ዜናውን ሲዘጋ አንቺ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ትተሽ ከሄድሽ፣ በማግሥቱ "መሥሪያ ቤቱ ምላሽ ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆነም" የሚል ዓረፍተ ነገር ታነቢያለሽ።

የዝግጅት ሥራውንም አትናቂው። ከኃላፊዎች ኋላ ካሜራ ይዞ መሄድ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ተለማማጅ ቶሎ ታማኝነትን የሚያገኘውም በዚያ ላይ በሚያሳየው ጥንቃቄ ነው። ስምና ማዕረግ ከባለቤቱ አፍ ይጠየቃል፤ ዶክተር ያልሆነን ሰው ዶክተር ማለት፣ ዶክተር የሆነችን ሴት "ወይዘሮ" ብቻ ብሎ ማለፍ፣ የአባትን ስም መሳሳት፣ ሁሉም ለጻፈው ትንሽ፣ ለተጻፈበት ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው። በፎቶ ላይ ያሉትን ሰዎች ከግራ ወደ ቀኝ ስማቸውን ዕለቱን መዝግቢ፤ ነገ አይታወስም። መግለጫው በእንግሊዝኛም የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ቀንና ሰዓቱን አንቺ ተረከቢ፤ ስሕተት በብዛት የሚፈጠረው እዚያ ነውና። መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተባለ ዝግጅት ለውጭ እንግዳ ሴፕቴምበር 20 ቀን 2025፣ ጠዋት 9 ሰዓት ነው። አንድ ሰው ወሩን ለውጦ ሰዓቱን ሳይለውጥ ሲቀር እንግዶቹ ገና ሳይነጋ በር ላይ ይቆማሉ፤ ወይም ሁሉ ካለቀ በኋላ ይመጣሉ። ይህን ስሕተት ከመታተሙ በፊት ያየች ተለማማጅ በቢሮው ትከበራለች።

ዜና ስትጽፊም ቅደም ተከተሉን ተመልከቺ። "የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ እገሌ በመድረኩ ላይ ተገኝተው እንደገለጹት" ብሎ የሚጀምር ዜና አንባቢውን ከሦስት መስመር በኋላ ነው የሚያገኘው። አዲስ ጉድጓድ ተመርቆ ከሆነ "የሁለት ቀበሌ ነዋሪዎች ከመጪው ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ ውኃ ያገኛሉ" ብለሽ ጀምሪና የኃላፊውን ስም በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር አምጪው። ኃላፊው አይቀነስባቸውም፤ እንዲያውም ዜናው ስለሚነበብ ስማቸው የበለጠ ይታያል። ለኃላፊሽም በዚህ መልኩ አስረጂ። ካልተቀበሉሽ አንድ ጊዜ ጠይቀሻልና በእነርሱ ልማድ ጻፊው፤ ይህ የአቀራረብ ጉዳይ ነው እንጂ የእውነትና የሐሰት ጉዳይ አይደለም።

የእውነቱን ጉዳይ ያነሣሽበት ጥያቄ ግን ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። በዚህ ሙያ ታሪክ ውስጥ በመጽሐፎቻችሁ ላይ የምታገኙት አሜሪካዊው አይቪ ሊ የሚባለው ሰው ሁለቱንም መንገድ ሄዶባቸዋል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1906 በአትላንቲክ ሲቲ አንድ ባቡር ከድልድይ ላይ ወድቆ ከ50 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ የዘመኑ የባቡር ኩባንያዎች ልማድ አደጋን መደበቅ ነበር። ሊ ግን ያማክረው የነበረው የፔንሲልቬንያ ባቡር ኩባንያ የሆነውን በጽሑፍ እንዲገልጽና ጋዜጠኞችን አደጋው ወደ ደረሰበት ቦታ ራሱ እንዲወስዳቸው አደረገ። ዛሬ ጋዜጣዊ መግለጫ የምንለው አሠራር ከዚያ ጋር ተያይዞ ይወሳል። ይኸው ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በኮሎራዶ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ሥራ አቁመው፣ በ1914 በሉድሎ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ከተገደሉ በኋላ ለማዕድኑ ባለቤቶች ጽሑፎችን ያሠራጭ ነበር። ጽሑፎቹ ለሠራተኛ ማኅበሩ መሪዎች የተከፈለውን ገንዘብ እጅግ አጋንነው ያቀረቡ የተሳሳቱ አኃዞች ነበሩባቸው። ጉዳዩን የሚያጣራው የመንግሥት ኮሚሽን ሲጠይቀው፣ ከኩባንያዎቹ የተሰጡት መረጃዎች ትክክል መሆናቸውን ራሱ እንዳላጣራ አምኗል። ሊ አኃዞቹን አልፈጠራቸውም፤ የተሰጠውን ነው ያሠራጨው። ስሙ የጎደፈው ግን በዚያ ነው።

ይህን የማነሣልሽ በአንቺ ቢሮም አደጋው በአብዛኛው የሚመጣው በዚሁ በር ስለሆነ ነው። "ውሸት ጻፊ" ብሎ በግልጽ የሚያዝሽ ኃላፊ ምናልባት አይገጥምሽም። የሚገጥምሽ "ሽፋኑ 90 በመቶ ደርሷል በይበት" የሚል ሰው ነው፤ ቁጥሩ ግን ካለፈው ሪፖርት ጋር አይገጥምም። በዚህ ጊዜ እምቢታውን በጥያቄ መልክ አቅርቢው፦ "ይህን ቁጥር ከየትኛው ሪፖርት ልውሰደው? ጋዜጠኛ ቢጠይቀን ምንጩን እንድንይዝ ብዬ ነው።" ይህ አነጋገር አክብሮትን የጠበቀ ነው፤ ተለማማጅ ስለሆንሽም መጠየቅ ይጠበቅብሻል። ብዙ ጊዜ ጥያቄው ብቻውን ቁጥሩን ያስተካክለዋል፤ ኃላፊውም ከማፈር ድነዋልና ያመሰግኑሻል። ምንጭ ሳይኖር ጻፊው ከተባልሽ ግን "ይህን ክፍል እርስዎ ቢሞሉልኝ ይሻላል፤ እኔ ማረጋገጥ አልቻልኩም" በይና ለአማካሪ መምህርሽ አሳውቂ። አዎን፣ ተለማማጅም እምቢ ማለት ትችላለች። ሁለት ወር ቆይተሽ የምትሄጂበት ቢሮ የሚይዝብሽ ነገር ከምትፈሪው ያነሰ ነው።

ከመግባትሽ በፊት አንድ ሰነድ አንብቢ፤ የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000ን። የመገናኛ ብዙኃኑን የሚመለከተው ክፍል በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1238 ተተክቷል፤ መረጃ የማግኘት መብትን የሚመለከተው ክፍል ግን ለአንቺ ሥራ መሠረት ነው። በዚህ ሕግ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ የዝግጅት አስተናጋጅ ብቻ አይደሉም፤ ማንኛውም ሰው የሚያቀርበውን የመረጃ ጥያቄ የመቀበልና በ30 ቀናት ውስጥ የመመለስ ግዴታ አለባቸው። መጻፍ የማይችል ሰው በቃሉ ቢጠይቅ ጥያቄው በጽሑፍ ይሰፍርለታል፤ ሲከለከልም ምክንያቱ ይነገረዋል። ቅር የተሰኘ ሰው አቤቱታውን ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ማድረስ ይችላል። በትምህርት ቤት ይህን በንባብ አልፋችሁት ይሆናል፤ ቢሮ ገብተሽ ግን "የመረጃ ጥያቄ የሚመዘገብበት መዝገብ አለን ወይ?" ብለሽ በትሕትና ጠይቂ። ከሌለ ማዘጋጀቱ በሁለት ወር የሚያልቅ፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላም የሚቀር ሥራ ነው።

የደንበኞችን ፎቶ፣ በተለይ የልጆችን፣ ሳታስፈቅጂ አትለጥፊ፤ ስምና የቆጣሪ ቁጥር የሚታይበትን ቢልም እንዲሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ስለ ፎቶ ኮፒውና ስለ መላላኩ ብዙ አልልም። ሁሉም የሚሠራው ከሆነ አንቺም ሥሪ። ግን በመጀመሪያው ቀን ኃላፊሽን "በሁለቱ ወር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኔ የምይዘው አንድ ሥራ ቢሰጠኝ" ብለሽ ጠይቂ፤ የሳምንቱ የጥያቄዎች ማስታወሻም ሊሆን ይችላል። ባለቤትነቱ የአንቺ የሆነ ሥራ ያለሽ መሆኑ ሲታወቅ "ነይማ ይህን አድርሺ" የሚለው ጥሪ በራሱ ይቀንሳል። የትራንስፖርት ወጪ የሚሸፈን መሆን አለመሆኑንም ያን ዕለት ጠይቂ፤ ብዙ ቦታ አይሸፈንም፤ አስቀድሞ ማወቁ ግን በወሩ አጋማሽ ከመቸገር ያድንሻል። በዝግጅት ላይ ለጋዜጠኞች ገንዘብ በኤንቨሎፕ እንድታድዪ ብትጠየቂ አትቀበዪ፤ ክፍያ ካለ በፊርማ የሚከፍለው የፋይናንስ ሠራተኛ ነው።

እንደ ታላቅ እኅት የምነግርሽ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ወደ መስክ ስትወጪ ማን ማን እንደሚሄድና የት እንደሚታደር አስቀድመሽ እወቂ፤ ለቤተሰብም ተናገሪ። ከሥራ ሰዓት ውጭ ለብቻሽ "ስለ ሥራ እንነጋገር" የሚል ግብዣ ቢመጣ፣ የግምገማ ቅጽሽን የሚሞላው ሰው ራሱ ቢሆን እንኳ፣ እምቢ በይ። ደጋግሞ ቢያስቸግርሽ ቀኑንና ቃሉን ጽፈሽ ያዢና ሳትውዪ ሳታድሪ ለአማካሪ መምህርሽ ወይም ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አሳውቂ። የመለማመጃ ቦታ ይለወጣል፤ የሚለውጠውም ትምህርት ክፍሉ ነው፤ ይህን በመጠየቅሽ የምታፍሪበት ምንም ነገር የለም።

የሠራሽውን በየቀኑ መዝግቢ። ተማሪዎች ሪፖርታቸውን የሚጽፉት በመጨረሻው ሳምንት ከትዝታቸው እየቆነጠሩ ስለሆነ ሁሉም "በቆይታዬ ብዙ ልምድ አግኝቻለሁ" በሚል ዓረፍተ ነገር ይሞላል። አንቺ ከጻፍሽው እያንዳንዱ ጽሑፍ ሁለት ቅጂ አስቀሪ፤ አንዱ አንቺ ያቀረብሽው፣ ሁለተኛው ታርሞ የወጣው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ ያየሽ ዕለት ከየትኛውም ሌክቸር ያላገኘሽውን ታገኚያለሽ። በተቋሙ ስም የወጡ ጽሑፎች የአንቺ ስም ስለማይኖርባቸው፣ ለወደፊት ሥራ ፍለጋ እንደ ናሙና ለማሳየት እንዲፈቀድልሽ ከመውጣትሽ አንድ ሳምንት በፊት በጽሑፍ ጠይቂ፤ የትኞቹን አንቺ እንደጻፍሽም ኃላፊሽ በፊርማቸው ያረጋግጡልሽ። ከመጨረሻው ቀን በኋላ ኃላፊው በስብሰባ ወይም በመስክ ላይ ይሆናሉና፣ የግምገማ ቅጹንም በዚያው ሳምንት አስሞዪ።